ብቻውን የኖረ መሰንቆ

ጋፋት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ቦታው ዛሬ ጸጥ ያለ የገበሬ አገር ነው። የገብስና የድንች ማሳ፣ በየድንበሩ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ከብት የሚያግዱ ልጆች ይታያሉ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ቆሟል፤ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚሰድደው እሱ ነው። የደብረ ታቦር ከተማ ከዚህ ብዙም አትርቅም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ኮረብታው የከሰል ጭስና የመዶሻ ድምፅ አይለየውም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል እንሰብካለን ብለው ከስዊዘርላንድ የመጡትን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ባልንጀሮቹን፣ ከፖላንድ የተነሣውን ሞሪትዝ ሆልን፣ ከአገሬው ባለ እጆች ጋር እዚህ አስፍረው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚህ ወጣ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን ገደል ለገደል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ጋፋት ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ መድፉ ነው። እኔን የሚስበኝ ሰዎቹ ናቸው። አንዱ የአንዱን ቋንቋ በቅጡ አይሰማም፤ ሙያውን ግን እያንዳንዱ በልጅነቱ፣ ከገዛ መምህሩ እጅ ተምሮ መጥቷል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሲቆሙ ማናቸውም ለብቻቸው ሊያደርጉት የማይችሉት ነገር ተሠራ። የዛሬዎቹን የኢትዮጵያ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች፣ በተለይም መሰንቆን ከቫዮሊን፣ ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር ያጋጠሙትን ስሰማ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ይኸው ምድጃ ነው።

ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ የንጉሡን ስም ይዟል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ተወልዳ በ1979 ወደ ጣሊያን የሄደችው ደራሲና ድምፃዊት ጋብርዬላ ጌርማንዲ የመሠረተችው «የዐፄ ቴዎድሮስ ፕሮጀክት» ነው። የኢትዮጵያን የመሰንቆ፣ የክራርና የዋሽንት ተጫዋቾች ከጣሊያን የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር ያቀናጀ ሥራ ነው፤ ከጣሊያኖቹ መካከል ፒያኖ ተጫዋቹ ፋብሪትስዮ ፑሊሲ ይገኝበታል። የዘፈኖቹ መነሻ የአርበኞች ፉከራና ቀረርቶ ነው። የወራሪው አገር ልጆች ኢትዮጵያውያን የዘመሩትን የእምቢታ ዜማ በአክብሮት ሲያጅቡ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው «ቋንቋ» የተባለው ባንድ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ዘመን በባህል መሣሪያ ከሚሠራው ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ላይ እቆያለሁ። ባንዱ የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ድምፃዊቷ ሰላምነሽ ዘመነ ናት። መሰንቆ እንድሪስ ሐሰን፣ ባስ ክራር «ቡቡ» በሚል ስም የሚታወቀው አንተነህ ተክለማርያም፣ ከበሮ ምሳሌ ለገሠ፣ ባለ አምስት ክር ቫዮሊን ደግሞ አሜሪካዊቷ ኬተ ሆስቴተር ይጫወታሉ። ጊታር የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ ሳክስፎን የለም። አራት መሣሪያና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሆኖም ቫዮሊኑ በእግር በሚረገጡ የኤሌክትሪክ ድምፅ መለወጫዎች አልፎ ሲወጣ፣ ባስ ክራሩ ደረትን ሲመታ፣ መሰንቆው በመሐል ሲያለቅስ፣ አዳራሹ በሙሉ ኦርኬስትራ የተሞላ ይመስላል።

አምስቱ ከየት እንደመጡ ካልታወቀ ግን ይህ ድምፅ እንዴት እንደተሠራ አይገባም። ከሰላምነሽ ልጀምር።

ሰላምነሽ ከጎንደር ምድር የአዝማሪ ቤተሰብ የተገኘች ናት። አዝማሪነት በዚህ ደጋ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ሙያ ነው። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ በጥር ወር ያለፈ ሰው ዳስ ሳያይ አያልፍም። በዳሱ ውስጥ መሰንቆውን ደረቱ ላይ ያስደገፈ አንድ ሰው፣ ከጎኑም ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም እኅቱ ይኖራሉ። የአዝማሪ ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው መሣሪያ በመያዝ አይደለም። መጀመሪያ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ይቀበላል፤ ትከሻውም እስክስታ ይለምዳል። የሰውን ፊት ማንበብ የሚማረው ያኔ ነው፤ ማን ሀብታም ነው፣ ማን ከማን ተጣልቷል፣ ሙሽራው ከየትኛው ቀበሌ መጣ፣ የትኛው ሽማግሌ መወደስ ይወዳል፣ የትኛውስ ቀልድ አይወድም። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ሲል አዝማሪው ስንኙን ሰምቶ፣ ቤት ሳያፋርስ፣ ምት ሳይስት መልሶ ይዘፍነዋል። ይህን ለማድረግ ያለው ጊዜ የመሰንቆው አንድ ሁለት ዙር ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር የዚህ ፍጥነት ዋጋ ነው።

በኮንሰርቫቶሪ የተማረ ሙዚቀኛ ብዙ ዓመት ደክሞ የሚደርስበትን፣ በቅጽበት የመፍጠርን ችሎታ፣ የአዝማሪ ልጅ ጥርስ ሳይነቅል ይለምደዋል። ከማናቸውም ባንድ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቢያቆሟት ሰላምነሽ የማትደናገጠው ለዚህ ነው። ከ«ቋንቋ» በፊት ባዱምስ ባንድ ከተባለው የፈረንሳይ ብርታኝ አገር ቡድን ጋር ሠርታለች። እነዚህ ፈረንሳውያን የኢትዮጵያን የስድሳዎቹ ዘመን ሙዚቃ አጥንተው ማሕሙድ አሕመድንና ዓለማየሁ እሸቴን ያጀቡ ናቸው። ከሰላምነሽ ጋር «ዘራፍ» የተሰኘ አልበም አውጥተዋል። ነሐስና ኤሌክትሪክ ጊታር ከኋላዋ እየነጎደ እሷ በአዝማሪ ድምፅ ትዘፍናለች፤ ድምፅዋን ለማለስለስ፣ ለውጭ ጆሮ እንዲመች ለማሳሳት አልሞከረችም። ባንዱ ወደ እሷ እንዲመጣ አደረገች።

አሁን ወደ መሰንቆው። መሰንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ጅማቱም ከፈረስ ጭራ ተሰብስቦ የሚሠራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። ሣጥኑ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ ይለበጣል። ተጫዋቹ ጅማቱን በእንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ በአየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚንሸራተተው፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ የሚያሰማው ለዚህ ነው። መቃኛው አንድ ስለሆነ ተጫዋቹ የዕለቱን ድምፁን፣ ጉንፋኑን ሳይቀር አይቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ለአንድ ሰው የተሠራ መሣሪያ ነው። ከአንድ ዘፋኝ ጋር ይኖራል፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይተነፍሳል።

የሌሎቹም ጠባይ ተመሳሳይ ነው። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ አራት ቀዳዳ ብቻ ስላለውና መቃኛ ስለሌለው ጎበዝ ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን በርካታ ዋሽንቶች በአንድ ማኅደር ይዞ ይዞራል። ክራር የሚደረደረው በቤት ውስጥና በጠጅ ቤት ነበር። አሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በዐቢይ ጾም ማታ ብቻውን የሚደረደር። እነዚህን አራቱን በአንድ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ማየት ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር ነበር። የደጋው ሰው ሙዚቃውን በብቸኝነት ነው ያበለጸገው።

ታዲያ አብሮ መጫወት ከየት መጣ? ከመልሶቹ አንዱ ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፃዊ አሜሪካዊ ነው። ካይሮ እ.ኤ.አ. በ1921 ተወለደ፤ የተማረው ግብርና ነበር። በ1944 የዛር ሥነ ሥርዓት ላይ የሴቶችን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ ድምፁን በስቱዲዮ እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት ሠራበት፤ በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ነው። ዛር ለጎንደር ሰው የውጭ ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በስድሳዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ተጫዋቾችን ይዞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የሰሜኑ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና፣ ከሌላውም አካባቢ የመጡ የትንፋሽ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ጭንቅ ቅኝት ነበር። ዋሽንቱ የማይቃና ስለሆነ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ መምጣት አለበት። መሰንቆ ተጫዋቹ ዕድሜውን ሙሉ ለገዛ ድምፁ ሲቃኝ ኖሮ አሁን ለሌላ ሰው እንዲቃኝ ተጠየቀ። ሁለተኛው ጭንቅ ዝምታ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ዝም የሚልበት ጊዜ የለውም፤ ዝም ካለ ሙዚቃው ያቆማል። በቡድን ግን ዋሽንቱ እንዲሰማ መሰንቆው መቆየት አለበት። መጠበቅ እንደ አዲስ የሚለመድ ሙያ ሆነ።

ኦርኬስትራውን በኋላ የመራውና ማንነቱን የሰጠው ተስፋዬ ለማ ነው። ዜማ ደራሲ፣ ግጥም ጸሐፊ፣ የመሣሪያዎቻችንን ታሪክ የመረመረ ሰው ነበር። በእሱ ጊዜ ቻርልስ ሰተን የተባለ የሰላም ጓድ ወጣት አሜሪካዊ መጥቶ ከታላቁ መሰንቆ መቺ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀመጠ፤ መሰንቆ መምታትና በአማርኛ መዝፈን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡ ሙዚቀኞች «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በዘመኑ እጅግ ብዙ ተመልካች በነበረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ታዩ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ኦርኬስትራው ተበተነ። ተስፋዬ ለማ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተሻግሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2013 እ.ኤ.አ.፣ በስደተኛው ማኅበረሰብ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ሲያስቀጥል ኖረ። የኦርኬስትራው ቅጂዎች ዛሬ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 23ኛ ሲዲ ላይ ይገኛሉ፤ አሁን ያሉት የባህል ባንዶች አባት ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ሊያዳምጠው ይገባል።

እዚህ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተካሄደ አንድ ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል፤ ከእኛው ጋር እየተመሳሰለ ያስገርማልና። ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ የተራራ ሙዚቃ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል እንጂ ዕድሜው ገና ነው። ኬንታኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደው ቢል ሞንሮ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ባንጆ፣ ጊታርና ትልቁን ባስ አንድ ላይ አሰልፎ፣ በ1945 ማብቂያ ላይ ባንጆን በሦስት ጣት የሚጫወተው ኧርል ስክራግስ ሲቀላቀለው ቅርጹን ያገኘ ሙዚቃ ነው። ሞንሮ ቫዮሊኑን ከአጎቱ፣ የብሉዝ ስሜቱን አርኖልድ ሹልትስ ከተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ሰማ። ባንጆው ራሱ በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት መሣሪያ ዘር ነው። ከዚያ ወጣቶች ተነሡ፤ በ1971 ሳም ቡሽና ጓደኞቹ «ኒው ግራስ ሪቫይቫል» የሚባለውን ባንድ መሥርተው በእነዚያው መሣሪያዎች ሮክና ጃዝ መጫወት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ የድሮው ይበላሻል አሉ። ሆኖም ወጣቶቹ የድሮውን ከሥሩ የሚያውቁ ነበሩ፤ ሳም ቡሽ ገና በልጅነቱ በቫዮሊን ውድድር የታወቀ ተጫዋች ነው። በኋላ የተቀላቀላቸው ባንጆ ተጫዋቹ ቤላ ፍሌክ እስከ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ጋምቢያና ማሊ ድረስ ሄዶ ባንጆን ከዘመዶቹ ጋር አገናኝቷል።

የአሜሪካኖቹ ክርክር እኛም ዘንድ አለ። «መሰንቆ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ድምፅ በየጊዜው እሰማለሁ። ለእኔ ቁም ነገሩ ተጫዋቹ ከመድረኩ በፊት የት ነበረ የሚለው ነው። አዲስ ድምፅ የሚሠራ ሰው አሮጌውን ጠጥቶ ካላደገ የሚያቀርበው ጌጥ ብቻ ነው። «ቋንቋ» ውስጥ ያሉት አዲስ ነገር የሚሠሩት ከአሮጌው ስለጠገቡ ነው።

እንድሪስ ሐሰንን ተመልከቱ። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው በፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ ደጋግሞ የተጫወተ፣ ከ«ኢትዮ ከለር» ቡድን ጋር ዓለምን የዞረ፣ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «የኢትዮጵያ ንድፎች» በሚባለው እ.ኤ.አ. የ2013 አልበም ላይ መሰንቆውን ያሰማ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ፕሮጀክትም ያለ ሰው ነው። በዘመናችን የትም የመሰንቆ ሙከራ ሲካሄድ እሱ ከመካከል አይጠፋም። ምክንያቱን ያዳመጠ ያውቀዋል። መሰንቆው በፒያኖ የታጠረ ድምፅ ውስጥ ሲገባ አይታጠርም፤ ፒያኖው የሌለውን በመካከል ያለ ድምፅ እየነካ፣ ግን ሳያፈነግጥ ይሄዳል። በሠርግ ዳስ ውስጥ ከማንም ድምፅ ጋር መግጠምን የለመደ ጆሮ ነው ይህን የሚያደርገው።

በነገራችን ላይ ፈንዲቃ ራሱ የታሪኩ አንድ አካል ነው። መላኩ በላይ የጎዳና ልጅ ሆኖ ወደዚህ አዝማሪ ቤት ገባ፤ ለዓመታት በጉርሻ እየጨፈረ፣ ማታ እዚያው ቤት ውስጥ እያደረ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። ከአዝማሪው ጎን የጃዝ ምሽት፣ የሥዕል ትርኢት፣ የግጥም ምሽት ከፈተ፤ የደች ሮክ ባንድ የሆነው «ዘ ኤክስ» ከእኛ ተጫዋቾች ጋር ይገናኝ ዘንድ ድልድይ ሆነ። የባህል ሙዚቃችንን ወደፊት ከገፉት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዋወቁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከነበረበት ተነሣ። መላኩ ሥራውን አልተወውም፤ ነገር ግን የዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ የነበረው ሌሊቱን ሁሉ የመለማመድ ዕድል በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ቡቡና ምሳሌ ወደ ባንዱ የሚያመጡት ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ የከተማው የባህል ምሽት ቤቶች ሙያ። በእነዚህ ቤቶች አንድ ተጫዋች በአንድ ሌሊት ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ከወሎ ወደ ትግራይ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ፣ ከኦሮሞ ወደ ሶማሌ መሻገር አለበት፤ እያንዳንዱ ምት የራሱ እግርና ትከሻ አለውና። ባስ ክራርም የእነዚህ ቤቶች ልጅ ነው። ክራሩ በትልቁ ተሠርቶ፣ ወፍራም ክር ተወጥሮበት፣ በማጉያ ታግዞ የባስ ጊታርን ቦታ ያዘ። ከበሮም እንዲሁ ተለውጧል፤ በቤተ ክርስቲያንና በሠርግ ቤት አንዱ ብቻ በአንገት ይንጠለጠል የነበረው፣ በዘመናዊ የባህል ባንዶች መጠናቸው የተለያየ ከበሮዎች ተደርድረው በአንድ ሰው እጅ ይመታሉ። ጭክጭካ የሚባለው የሰሜኑ ስድስት ምት በዚህ አደራደር ሲመታ ስንት ንብርብር እንዳለው ይሰማል፤ እግር የሚረግጥበት አንድ፣ ጭብጨባው የሚያርፍበት ሌላ፣ ትከሻው የሚሰብርበት ደግሞ ሌላ።

ቀሪዋ ኬተ ሆስቴተር ናት። ቦስተን ውስጥ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጅ በሆነው በዳኒ መኮንን ከተመሠረተው ከደቦ ባንድ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። ደቦ ባንድ አኮርዲዮን፣ ቫዮሊንና ነሐስ ይዞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በአሜሪካ መድረኮች ያሰማ ቡድን ነው። ኬተ ግን ከሩቅ መጫወት አልበቃትም፤ አዲስ አበባ መጥታ ለዓመታት ኖረች፤ ቻርልስ ሰተን ከዚያ በፊት እንዳደረገው፣ ተማሪ ሆና። ቫዮሊን ለመሰንቆ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሁለቱም ላይ ጣት የሚያቆም ብረት ስለሌለ ድምፁ በፈለገው ቦታ ያርፋል። ስለዚህ እንድሪስ አንድ ሐረግ ሲያወጣ ኬተ ልትከተለው፣ ልትመልስለት፣ ከሥሩ ልትገባ ትችላለች። የውጭ ሰው እንግዳ ከመሆን አልፎ ቤተኛ የሚሆነው መከተል ሲችል ነው፤ እሷም መከተል የተማረች ሙዚቀኛ ናት። ለዚህ ነው «ቋንቋ» የውጭ ሰው የአፍሪካን ሙዚቃ ያስዋበበት ቡድን መስሎ የማይሰማው።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ሌላም ትምህርት ቤት ትዝ ይለዋል። ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምድር ነው። ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ መምህራን ምስክርነት የሚያገኙባት ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማዕከል ነው፤ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስሟ ይነሣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ እየበላ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በቃሉ ያጠናል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁትን የዜማ ምልክት በብራና ላይ ያነባል። በማሕሌት ላይ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እስከ ጽፋት ሲፋጠን፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እንዳንድ ሲወዛወዝ፣ አብሮ መጫወት ማለት ምን እንደሆነ ደጋው በሌላ መንገድ ሲያውቀው እንደኖረ ይታያል።

የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ለጠጅ ቤት መድረክ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ግን ሁለቱ ትምህርት ቤቶች፣ የደብተራውና የአዝማሪው፣ በአንድ መንደር ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ የተከበረ፣ ሌላው የተናቀ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስድብ ነበር፤ ልጃቸውን ለአዝማሪ የማይድሩ ብዙዎች ነበሩ። አዝማሪዎች ንጉሥን በሰምና ወርቅ የሚወቅሱ፣ ሠራዊትን የሚያነሣሱ ነበሩና ፋሺስቶች እንኳ ፈርተዋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ሕዝብ ያሸብራሉ ተብለው ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እየታደኑ ከተገደሉት መካከል አዝማሪዎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ዋጋ የከፈለ ሙያ በገዛ መንደሩ መናቁ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ንቀቱ ዛሬ ቀንሷል። ችግሩ ሌላ ነው። የአዝማሪ ልጅ ትምህርት ቤት ሠርጉ ነው፤ ክርስትናው፣ ተዝካሩና የገበያ ቀኑ ነው። በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ሠርግ ሲያንስና በጊዜ ሲበተን፣ ሌሊቱን ሁሉ የሚያጨበጭበው የሰባት ዓመት ልጅ የሚማርበት ዳስ ያጣል። ሠርጉ ሲካሄድም ብዙ ጊዜ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው የአዝማሪውን ቦታ ይወስዳል፤ ርካሽ ነው፣ ጩኸቱም ሩቅ ይሰማል። በእርግጥ በአዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ይሰጣል፤ በዚያም የታወቁ ተጫዋቾች ወጥተዋል። በዜማ ቤትና በዳስ ውስጥ የሚገኘው ግን ከኖታ ወረቀት አይገኝም፤ ሰላምነሽን የመሰለ ድምፅ ከየትኛው ክፍለ ትምህርት ይወጣል?

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በዙሪያዋም ፋርጣ፣ ፎገራ፣ እስቴ፣ ሊቦ ከምከም፣ ጋይንትና ስማዳ አሉ። በእነዚህ ወረዳዎች ያሉ ሽማግሌ አዝማሪዎች የሚያውቁትን የቅኝት አሠራር፣ የመሰንቆ አሠራር፣ ከሰው ፊት የሚሰወሩበትን የሙያ ቋንቋቸውን በድምፅና በምስል መቅረጽ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ቀረጻው ብቻውን አይበቃም። ለአዝማሪዎቹ ገንዘብ ከፍሎ ልጆቻቸውን አብረው እንዲያስቀምጡ ማድረግ፣ ከአዲስ አበባ «ቋንቋ»ን የመሰሉ ባንዶች ደብረ ታቦር መጥተው ከእነሱ ጋር እንዲጫወቱ መጋበዝ ይቻላል። እስካሁን ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ነበር፤ ከደጋው ወደ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ወደ አውሮፓና አሜሪካ መድረክ። «ቋንቋ»ም ሆነ የዐፄ ቴዎድሮስ ፕሮጀክት ጋፋት ላይ ዝግጅት ቢያቀርቡ፣ ከፋርጣ ገበያ የተመለሰ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከእንድሪስ ጎን ቢቀመጥ፣ ሁለቱ ጅማታቸውን እርስ በርስ ለመቃኘት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም።